በድረ ገጽ ላይ ያወጣሁት የእድር መዝገብ

«ጋሼ፣ ይሄን መዝገብ ማን ማን ያየዋል?» አለችኝ።

እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀና ብዬ አየኋት። የእድር ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ሰው መዝግቤአለሁ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ሰው የሚጠይቀኝ ድንኳኑ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ወንበሩ ለልደትም ይሰጥ እንደሆነ፣ ከስብሰባ የቀረ ይቀጣ እንደሆነ ነው።

«ከእኔና ከእግዜር በቀር ማንም አያየውም» አልኳት። ያን ጊዜ ውሸቴን አልነበረም።

ጡረታ የወጣሁት ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ፋይል ስጠብቅ ኖሬአለሁ። ያለ ፊርማ አንዲት ወረቀት ከእጄ ወጥታ አታውቅም። አንድ ጊዜ ዋና ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ፋይል ሊወስዱ መጥተው «ይፈርሙ» ብያቸው፣ እየተሳደቡ ፈርመዋል። ከኋላዬ «ካዝናው» ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ያልሰማሁ መስዬ ደስ ይለኝ ነበር። ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ገብተን እድር ስናቋቁም ጸሐፊ አድርገው የመረጡኝም ለዚሁ ነው። ቢሮአችን ከጥበቃው ቤት ጎን ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከተቆለሉበት ፊት ለፊት አንድ ጠረጴዛና አንድ የብረት ሳጥን አለኝ። ነፋሱ ከቆሼ የቆሻሻ ክምር በኩል ሲመጣ መስኮቷን እዘጋለሁ፣ ሲዞር እከፍታለሁ። መዝገቡ ከሳጥኑ የሚወጣው እኔ ስኖር ብቻ ነበር።

ሴትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ከእኛ ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ መጋረጃና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋ ድምፅ እኛ ሳሎን ድረስ ይሰማል፤ ባለቤቴ «ይህቺ ልጅ አይደክማትም?» ትል ነበር።

መታወቂያ ጠየቅኳት። «ቤት ቀርቷል» አለች። «የትኛው ቤት?» አልኳት። ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አሳየችኝ። ከእጅ አንጓዋ ላይ ተሰብሮ ጠምሞ ድኗል። የሰበራት ባሏ እንደሆነ፣ ጎጃም ካለው ቤቷ ሸሽታ እንደመጣች፣ የገባችበት ገብቼ አገኛታለሁ ብሎ እንደማለ፣ እዚህ ጎረቤት የሚጠራትም በሌላ ስም እንደሆነ ቶሎ ቶሎ ነገረችኝ።

«እንግዲያው ጎረቤት በሚጠራሽ ስም እጽፍሻለሁ» አልኳት። ለሥራ አስኪያጅ ያላጠፍኩትን ደንብ ለእሷ አጠፍኩ።

ችግሩ እናቷ ላይ ስንደርስ መጣ። በእኛ እድር አባል ሲመዘገብ፣ ቢሞቱበት እድሩ የሚደርስለትን የቅርብ ዘመድ ሁሉ ከነአያት ስም ያስጽፋል፤ እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም፣ አማት። «የእናቴን ስም ብለውጠውስ?» አለች። «እሱ አይሆንም። ያልተጻፈች እናት ብትሞት እድሩ አያውቅልሽም» አልኳት።

«እናቴ ብትሞት ቀብሯ ላይ አልደርስም፤ ቀድሞኝ የሚቆመው እሱ ነው። እዚህ ብቻዬን ግድግዳ እያየሁ ከማለቅስ ግን አጠገቤ ሰው ቢቀመጥ ይሻለኛል» አለች። ከዚያ የእናቷን ስም ከነአባትና ከነአያት ነገረችኝ። በጥሩ የእጅ ጽሑፌ ጻፍኩት፤ መዝገቡን ዘጋሁ፤ ሳጥኑን ቆለፍኩ። እያየችኝ ነበር የቆለፍኩት።

መዝገቡ ከሳጥን የወጣው አንዲት እናት ሁለት ጊዜ ስለሞተች ነው። ከአባሎቻችን አንዱ እናቱን ቀበረ፤ ሁላችንም ሄደን አስተዛዘንን። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያው ሰውዬ «እናቴ አረፈች» ብሎ መጣ። የመጀመሪያዋ አሳዳጊዬ ነበሩ፣ የአሁኗ ወላጄ ናቸው አለ። ጉድ ፈላ። ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተሳደበ፤ በመጨረሻ «የሁሉም ሰው ዝርዝር ለሁሉም ይታይ!» ተባለና በጭብጨባ ጸደቀ። በዚያ ላይ ሰው በሞተ ቁጥር «ሳልሰማ ቀረሁ፣ ቤቱን አጣሁት፣ ስልኩ የለኝም» የሚለው ቅሬታ አሰልችቶን ነበር።

ያን ሰሞን ልጄ የገዛችልኝን ትልቅ ስልክ ይዤ እንደ ጎረምሳ ያደርገኝ ነበር። «በነፃ ድረ ገጽ ይክፈቱ» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። የጠየቀኝ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። እኔም ጠንቃቃ ነኝ አይደል፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቁጥሬን ትቼ፣ በሟች ወንድሜ ስም የተመዘገበውን ሁለተኛውን ሲም ሰጠሁት። ቀጥሎ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። ሰው ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጊዜ ያንብብ እያልኩ ስንቱን የተቆጣሁ ሰውዬ፣ በአውራ ጣቴ ወደ ታች ወደ ታች ገፍቼ «እስማማለሁ» የሚለውን ነካሁ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት በአንድ ጣት ስጽፍ ከረምኩ። የአባሉን ስም፣ ብሎክና የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ የተመዘገቡለትን ዘመዶች። የእሷ መስመር ላይ ስደርስ ጣቴ ቆሟል። አልረሳኋትም፤ ረስቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ግን እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ የራሷ ስም እዚህ የለም፣ በዚህ ስም የሚያውቃት ሰው የለም፣ ምን ትሆናለች? የሚደበቀው የሰው የገዛ ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእናቷን ስም ከነአያት ጻፍኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ጉባኤው ላይ ገጹን ከፍቼ ሳሳይ የእድራችን ዳኛ ተነሥቶ መረቀኝ። ተጨበጨበልኝ። ቤት ስገባ ለባለቤቴ አሳየኋት።

«ሰው ሁሉ ያየዋል እንዴ?» አለች።

«አባላቱ ናቸው የሚያዩት።»

«በምን ለይቶ ነው ማን አባል እንደሆነ የሚያውቀው?»

«አንቺ ደሞ ሁልጊዜ እንከን አታጪም!» ብዬ ስልኩን ነጠቅኳት። መልስ ስላልነበረኝ ነው የተቆጣሁት። ትዳራችን ውስጥ አብዛኛው ቁጣዬ እንደዚያ ነው።

ገጹ በየሳምንቱ ለእኔ መልእክት ይልክ ነበር። ስንት ሰው እንደጎበኘ፣ ከየትኛው ከተማ እንደሆነ፣ በምን ዓይነት ስልክ እንደከፈተ፣ የትኛው ክፍል ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆየ። ይገርመኝ ነበር። የሚጎበኘው ሰው እንዲህ እንደሚቆጠር አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። አንድ ሳምንት ከጎጃም በኩል ካለ ከተማ አንድ ሰው ገብቶ፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል የዘመዶች ዝርዝር ላይ እንደቆየ ነገረኝ። ለዳኛው ደውዬ «እድራችን ጎጃም ድረስ ታወቀ!» አልኩት። ተሳሳቅን።

እሱ ብቻ አልነበረም። የመቃብር ሐውልት የሚሠራ አንድ ነጋዴ አባሎቻችን ጋ እየደወለ «እናትዎ ስንት ዓመታቸው ነው? ቀድመው ቢያዝዙ ቅናሽ አለ» ይል ጀመር። እናታቸው በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው የሚደወልላቸው። አንዷ ጎረቤቴ ደረጃ ላይ አግኝታኝ «የእናቴን ስም በሙሉ ጠራው እኮ! ከየት አመጣው?» ብላ አለቀሰች። እኔ ጠርጥሬአለሁ። ግን ያ ሁሉ ጭብጨባ ጆሮዬ ላይ ነበረና «ዘመኑ ነው» ብዬ አለፍኩ። ገጹን በዚያን ቀን ልዘጋው እችል ነበር፤ ሲሙ ገና በእጄ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ያንን የወንድሜን ሲም ከነስልኩ ከኪሴ ወሰዱብኝ። ዋናው ቁጥሬ በሌላ ስልክ ስለነበረ ብዙም አላዘንኩም።

ዋናው ቁጥሬ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት ተደወለ። ቁጥሩ ገጹ ላይ «ለበለጠ መረጃ» በሚለው ሥር አለ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ የእድሩ ጸሐፊ ነዎት?» አለ፤ የተረጋጋ የወንድ ድምፅ ነው። ከጎጃም እንደሚደውል ነገረኝና የልብስ ሰፊዋን እናት ስም ከነአያት ጠራ። «ትናንት ዐርፈዋል። ልጃቸው እናንተ ጋ አባል መሆኗን በገጻችሁ አየን። በስልክ ተነግሯት እንዳትጎዳብን ብለን ነው እርስዎን ያስቸገርነው። ነገ ማለዳ እኛ ቤተ ዘመዶች እንደርሳለን፤ እናንተም ሽማግሌ ሰብስባችሁ አብረን እናርዳት።»

ደንብ የሚያውቅ ሰው ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ ደግፎ ነው የሚነገረው። ዛሬ ዛሬ ይህን የሚያስብ ሰው መጥፋቱ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ስለዚህ ድምፁን ወደድኩት። «እግዜር ያጽናችሁ» አልኩት ከልቤ።

«ቤቷ ገጹ ላይ ያለው ነው?»

«እሱው ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረጃውን እንደወጣችሁ በግራ።» ምላሴን ቆርጬ በጣልኩት!

«ማለዳ ትኖራለች?»

«ትኖራለች፤ ሥራዋ ቤቷ ነው» አልኩት። አመሰገነኝ።

ሲመሽ ከሱቅ ስመለስ ልብስ ሰፊዋን ደረጃዋ ሥር አገኘኋት። ጥቅል የመጋረጃ ጨርቅ በትከሻዋ ይዛለች። ነገ እንደምትወድቅ የሚያውቅ ሰው ዓይኗን እንዴት ያያል? ፊቴን አዞርኩ። «ጋሼ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። «ብርድ መቶኝ ነው» አልኩ። «ዝንጅብል በሙቅ ውኃ ይጠጡ» ብላኝ ወጣች። እናቷ ሞታ እሷ ለእኔ ብርድ ትጨነቃለች።

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስድስት ሆነን ግቢው በር ላይ ቆምን፤ ዳኛው፣ እኔ፣ አራት ሽማግሌዎች፤ ሁላችንም ነጠላ አዘቅዝቀናል። አንድ ባጃጅ መጥቶ አንድ ሰው ወረደ። እሱም ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። «ሌሎቹ ከኋላ ናቸው፣ እንቀድማቸው» አለ። ተከታትለን ደረጃውን ወጣን፤ እሱ ከኋላችን።

አንኳኳሁ። ከፍታ ስድስት ሽማግሌ በማለዳ ስታይ፣ ማንም ምንም ሳይናገር ገባት። የበሩን ጉበን ያዘች። «እናቴ ናት?» አለች። ዳኛው «ልጄ፣ እንግዲህ የሁላችንም መንገድ...» ብሎ ሳይጨርስ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ልንደግፋት ጎንበስ ስንል ከኋላችን የቆመው ታያት። ሰውዬው በስም ጠራት። እኛ የምናውቀው ስም አልነበረም።

ልቅሶዋ በአንዴ ቀጥ አለ። እንዴት እንደተነሣች አላየሁም፤ በሩ ፊታችን ላይ ተዘጋ፣ ብረቱ ተቀረቀረ።

ከውስጥ ስልክ ሲጠራ ይሰማል፤ ድምፁን ከፍ አድርጋዋለች። አንድ ጊዜ ጠራ፣ ሁለት ጊዜ ጠራ። ከዚያ ከእንቅልፍ የተነሣች አሮጊት ድምፅ በበሩ ዘልቆ መጣ፤ «አቤት ልጄ፣ ምነው በማለዳው? ደህና ነሽ?»

ሽማግሌዎቹ እኔን አዩኝ። ያዘቀዘቅነው ነጠላ ትከሻችን ላይ ከበደን።

«ሚስቴ ናት» አለ ሰውዬው፣ ምንም ሳያፍር። «ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው። እናንተ ሽማግሌዎች ናችሁ፤ አስከፍታችሁ አስታርቁን።» ከአራቱ አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ የባልና የሚስት ነገር ከሆነ፣ ልጄ፣ ክፈቺና ተነጋገሩ...» ማለት ጀመረ። «ዝም በል!» ብዬ ጮህኩበት፤ ከእኔ በአሥር ዓመት የሚበልጥ ሰው ነው። ሄጄ ጀርባዬን በሩ ላይ ለጥፌ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። «ከዚህ ማንም አይገባም» አልኩ።

ሰውዬው ሳቀ። «ጋሼ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በግራ፣ ማለዳ ትኖራለች ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

በሩ ስስ ነው። ጀርባዬ ላይ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። እንደሰማችው አውቃለሁ።

ዳኛው ጥበቃውን ጠራ፤ ጥበቃው ፖሊስ ጠራ። ፖሊስ እስኪመጣ ሰውዬው ቀስ ብሎ ደረጃውን ወረደ። «ቤቷን እንደሆነ አውቄዋለሁ» አለ ሲሄድ።

አራት ቀን ከቤቷ አልወጣችም። ስትሰፋቸው የከረመችው መጋረጃዎች ሁሉ የራሷ መስኮት ላይ የተሰቀሉ ይመስል ከውጭ ምንም አይታይም። የስፌት መኪናው ድምፅ ጠፋ። ባለቤቴ ዳቦና ሻይ ይዛ ትወጣለች፤ ለእሷ በሩ በጠባቡ ይከፈታል። እኔ ወጥቼ «እኔ ነኝ» ስል አይከፈትም። ትክክል ናት።

እነዚያን አራት ቀናት ገጹን ልሰርዝ ስታገል ነበርኩ። ለመሰረዝ መግባት ያስፈልጋል፤ ለመግባት ደግሞ ወደተመዘገበው ስልክ የሚላክ የሚስጥር ቁጥር። የተመዘገበው ስልክ አየር ጤና ተሰርቋል። ሲሙን ላወጣ ቴሌ ሄድኩ፤ «ባለቤቱ በአካል ይምጣ» አሉኝ። ባለቤቱ ወንድሜ ነው፤ ወንድሜ መቃብር ውስጥ ነው። የውክልና፣ የውርስ፣ የሞት ማስረጃ አምጣ ተባልኩ። የመስኮቱን ልጅ ልቆጣው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያኛው በኩል ተቀምጬ የምናገረውን ነው የነገረኝ።

ለድረ ገጹ ባለቤቶች በልጄ አስጽፌ ላክሁ። ሰው ሊጎዳ ነው፣ አንዲት መስመር ብቻ አጥፉልኝ አልኩ። መልስ መጣ። የደንበኞቻችንን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል የመለያው ባለቤት መሆንዎን ሳናረጋግጥ ምንም ልንሰርዝ አንችልም፤ የግል መረጃዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምስጢሬን ከእኔ እየጠበቁልኝ ነው።

በመጨረሻም ያንን ሳላነብ የተስማማሁበትን ጽሑፍ አሳትሜ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመርኩ አነበብኩት። መቼም ማንበብ ከረፈደ በኋላ ማን ይከለክላል? ከጎብኚው ምን ምን እንደሚሰበስቡ ይዘረዝራል። ለሸሪኮቻችን ልናካፍል እንችላለን ይላል፤ ሸሪኮቹ እነማን እንደሆኑ አይናገርም። አስፈላጊ እስከሆነ ጊዜ ድረስ እናስቀምጣለን ይላል፤ ለማን አስፈላጊ እስከሆነ አይልም። ተገቢውን ጥንቃቄ እናደርጋለን፣ ሆኖም ለሕዝብ ክፍት ያደረጉትን ሌሎች ቢገለብጡት ኃላፊ አይደለንም ይላል። ወረቀቱ ሁሉ ቀይ ሆነ። ሁሉንም ነግረውኝ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መለያውን ለማስመለስ ከሚስጥር ቁጥሩ በተጨማሪ ከሚጠይቁት ጥያቄ አንዱ «የእናትዎ ስም ማን ነው?» የሚል ነው። ዓለም በሩን የሚቆልፈው በእናት ስም ነው ለካ። እኔ የስንቱን ሰው እናት ስም አደባባይ ላይ ዘርግቼው ቁጭ ብያለሁ።

በአምስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ልብስ ሰፊዋ ወደ እድሩ ቆርቆሮ ክፍል መጣች። ባለቤቴ አብራት ናት። የስፌት መኪናዋ ግቢው በር ላይ ከቆመች ታክሲ ላይ ተጭኗል። ቁጭ በዪ ብላት አልተቀመጠችም።

«መዝገቡን ያምጡት» አለችኝ። አወጣሁት። «ይሰርዙኝ።»

መስመሯ ላይ በእስክሪብቶ ደግሜ ደጋግሜ አሰመርኩ፤ ቀለሙ ወደሚቀጥለው ገጽ እስኪያልፍ ድረስ። «ስልኬንም» አለች። እያየችኝ ከስልኬ ላይ ቁጥሯን አጠፋሁ።

«ኢንተርኔቱ ላይ ያለውስ?»

«አልሰረዝ ብሎኛል» አልኳት።

«ታዲያ ምኑን ነው የሰረዙት?» አለች።

ይቅርታ በዪኝ አልኩ። ይቅርታ ማድረጓን ወይም አለማድረጓን አልነገረችኝም። የነገረችኝ ሌላ ነው። ከእንግዲህ ለእናቷም እንደማትደውል፣ ባሏ እናቷ ቤት እየሄደ ስልካቸውን ነጥቆ እንደሚያይ፣ አዲስ ቁጥሯን እዚያ መተው እንደማትችል። «እናቴን የሞተች ያህል ነው የምተዋት» አለች። ከዚያ «አንድ ነገር ብቻ። የእናቴን ስም ጠርቶ የሚጠይቅ ቢመጣ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ምንም ይበልዎት ምን፣ አላውቃትም ይበሉ» አለችኝ።

«እምልልሻለሁ» አልኳት።

«አይማሉ። ዝም ብለው ያድርጉት» አለችና ሄደች። ወዴት እንደሄደች ባለቤቴም አታውቅም፤ አልጠየቀቻትም።

ጉባኤው ላይ ተነሥቼ ጥፋቴን ተናገርኩ፤ ከጸሐፊነቱም ልውረድ አልኩ። የሚተካኝ ሰው ጠፋ። ሁሉም ወለል ወለሉን አየ። «ሰው እስኪገኝ ቆይ» ተባልኩ፤ ይኸው አለሁ። መዝገቡን እጽፋለሁ፤ አዲስ ከሚመዘገበው ማንም «ማን ያየዋል?» ብሎ አይጠይቅም፤ እኔ ግን ሁሌ መልሱን እፈልጋለሁ። በየጠዋቱ ስልኬን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ገጹን ነው። አሁንም አለ። ዙሪያውን ማስታወቂያ በቅሎበታል። እሷም አለች፤ ብሎክ፣ የቤት ቁጥር፣ እናት።

ባለፈው ወር ከምሳ በኋላ ተደወለልኝ። የሴት ድምፅ ነው፣ የሸመገለች፣ ሲያለቅስ የዋለ የሚመስል። የእናትየውን ስም ከነአያት ጠራች። እህታቸው ነኝ አለች። «ዛሬ ጠዋት ዐረፈች፤ ነገ ነው ቀብሯ። ልጇን ስትጣራ ነው ያለፈችው። ቁጥራችሁን ጎረቤት ነው ከኢንተርኔት ያወጣልኝ። ንገሩልኝ በእናታችሁ!»

ከኋላዋ ልቅሶ ይሰማል። እውነተኛ ልቅሶ ይመስላል። ያን ጊዜም የተረጋጋው ድምፅ እውነተኛ መስሎኝ ነበር።

«እንዲህ የሚባሉ ሰው ልጅ እኛ ጋ የለችም» አልኩ።

«እባክዎ ጌታዬ፣ ስሟ እዚህ ተጽፏል እኮ፤ ብሎኩ፣ ቁጥሩ...»

«ስሕተት ነው። አላውቃትም» አልኩና ዘጋሁት። ደግማ ደወለች። እጄ ላይ ሲጮህ ቆይቶ ቆመ።

እውነት ከሆነ፣ የፈራችው ያው ሆነ፤ እናቷ ሞታ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ እንዲያውም እንድታለቅስ የነገራት እንኳ የለም። ውሸት ከሆነ፣ ቃሌን ጠበቅኩላት። የትኛው እንደሆነ የማውቅበት መንገድ የለኝም። እሷን የምጠይቅበትን ቁጥር ፊቷ አጥፍቼዋለሁ፤ ገጹ ላይ የቀረውም ከሄደች ወዲህ አይሠራም። ለደወለችው ሴት መልሼ ደውዬ ባጣራ፣ ልጅቷን የማውቃት መሆኔን ነገርኩ ማለት ነው። በየትኛውም በኩል ብሄድ በሩ ዝግ ነው፤ የዘጋሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ማለዳ ተነሥቼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ሄድኩ። ከአግዳሚ ወንበሮቹ አንዱን አውርጄ ድንኳኑ አጠገብ ተቀመጥኩበት። ባለቤቴ ፈልጋኝ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ነጠላዬን አየችው።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። ውሸቴን አልነበረም። የራሷንም ነጠላ አዘቀዘቀችና አጠገቤ ተቀመጠች።